እርሳስ የማይንከባለልበት ወለል

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለወልደ ሥላሴ፤

ይህ ወረቀት በደህና ቀን፣ የቤትህ ሰው ሁሉ ደህና ሆኖ ያግኝህ። ጉልበትህ እንዴት ነው? ብርዱ እንዳስቸገረህ ሰምቻለሁ፤ ቅባቱን በሰዓቱ ተቀባ፣ ሲሻልህም አትተወው። የባለቤትህ የዓለምጌጥ ደም ግፊትስ ረገበላት ወይ? ልጆቹ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው፤ መነጽር ግን ቀይሬያለሁ።

በስልክ እየተነጋገርን ደብዳቤ የምጽፍልህ አብሮት ያለው ንድፍ በልኬት ስለተሣለ ነው። ፎቶ ሲሆን ልኬቱ ይዛባል። ሕዝቅያስ የሚባል የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ለፋሲካ ደሴ ስለሚመጣ በእጁ ይሰጥሃል።

የላክህልኝን የቤት ፕላን ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ ደብተር እንዳረምኩት አድርጌ አየሁት። የአባታችን ቤት አርጅቷል፣ መፍረሱ ግድ ነው፤ በዚህ እስማማለሁ። በቦታው ግን አምስት መኝታ ቤት ቆጠርኩ። በአንዱ ላይ ለእኔ «የእትዬ»፣ በሁለተኛው «የስርጉት»፣ በሦስተኛው «የእንግዳ» ብለህ ጽፈሃል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ግን ጨነቀኝ። ከአምስቱ ሦስቱ እዚያ ለሌለ ሰው የተሣሉ ናቸው።

የልጄን የስርጉትን ቤት በስልክ ስታየው «ቤተ መንግሥት ነው» ብለህ ነበር። እኔ ለክቼዋለሁ። ከአልጋዬ እስከ ወጥ ቤት አርባ አንድ እርምጃና አሥራ ስድስት ደረጃ ነው። በሩን ስታንኳኳው እንደ ካርቶን ይጮኻል፣ ውስጡ ባዶ ነው። እርሳሴን መስኮቱ ሥር ሳስቀምጠው ተንከባሎ በሩ ጋ ይደርሳል፤ ቤቱ ከተሠራ ግን ገና ስድስት ዓመቱ ነው። ባሏን ናሆምን ለራት የምጠራው ከታች ሆኜ በስልክ ነው። የውጭውን በር ስከፍት ደግሞ ከግድግዳው የሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ «በር ተከፈተ» እያለ ያሳብቅብኛል። ብወጣስ የት እሄዳለሁ? የእግረኛው መንገድ ከሰፈሩ አጥር ጋር ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የመኪና ጎዳና ነው፣ እኔ አልነዳም።

ስርጉት ሆስፒታል ውላ ትርፍ ሰዓት ትጨምራለች፣ ናሆም በሳምንት ስድስት ቀን ታክሲ ይነዳል። የሚደክሙት ቤቱን ላለማጣት ነው፤ ቤቱ ውስጥ ግን የሉም። ትንሿን ልጃቸውን ኢዩን የምይዛት እኔ ነኝ። ለስድስት ወር ብዬ መጥቼ ሦስት ዓመት የሆነኝ በዚህ ነው። ማንም አትሄጂም አላለኝም። ልሂድ ብዬ ሻንጣዬን ሳወርድ ግን ልጅቷ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፣ መልሼ እሰቅለዋለሁ።

ይህን የሚያህል ቤት የገዙት ለማኅበር ብለው ነው። የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አላቸው፣ ተራው በዓመት አንድ ቀን ይደርሳቸዋል። ስርጉት ድሮ በኪራይ ቤቷ ስትደግስ ሰው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ስለበላ አፍራ፣ ቤቱን በእንግዳ ቁጥር ለክታ ገዛች። ባለፈው ኅዳር ተራችን ደርሶ አርባ ስድስት ሰው መጣ። በትልቁ ሳሎን ማን እንደተቀመጠ ልንገርህ? ካፖርት። ሰዉ ሁሉ ወጥ ቤት ገብቶ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ ሲሳሳቅ ዋለ። ሰብለወርቅ የምትባል ቀልደኛ ባልቴት «ስርጉትዬ፣ አዳራሹን ለሠርግ አከራዪው፤ እኛ ምድጃው ሥር ይበቃናል» አለቻት። ሁሉም ሳቀ፣ ስርጉት አልሳቀችም።

በየካቲት ናሆም «እማማ፣ ያገኘሁትን ቤት እስቲ እርስዎ ይፈትሹት» ብሎ ሪቻርድሰን የሚባል ከተማ ወሰደኝ። አንድ አናጢ አራት ትናንሽ ቤቶች ሠርቶ ሦስቱን ሸጧል። የቀረው ባለ ሁለት መኝታ ነው። በሩ ሙሉ እንጨት ሆኖ በአንድ ጣት ይከፈታል። እያንዳንዱ ክፍል ከሁለት ወገን ብርሃን ያገኛል። መስኮቱ ሥር መቀመጫ አለ፤ ክዳኑን ስታነሣው ብርድ ልብስ ይይዛል። የመሳቢያውን ጀርባ ዳሰስኩት፣ ማንም በማያየው በኩል እንኳ ለስልሷል። እርሳሴን አውጥቼ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። አልተንቀሳቀሰም። እኔም እንደተንበረከክሁ ጥቂት ቆየሁ።

ከዚያ የስርጉት ሆስፒታል አሥር ደቂቃ ነው። ዕዳው ስለሚቀንስ ትርፍ ሰዓቱን ትተዋለች፣ ኢዩ በእግር የሚደረስበት መዋዕለ ሕፃናት ትገባለች፣ እኔም አገሬ እገባለሁ። ስርጉት ግን «ማለቴ እማዬ፣ ቤቱ ያምራል፣ ኦኬ፤ ግን ጌስት ሩም የለውም። ሰው ሙቭ ያደረገችው ገንዘብ ቢቸግራት ነው ይለኛል» አለችኝ። አርባ ስድስቱ ሰው የት እንደዋለ አስታወስኳት። ያን ጊዜ ስልኳን አውጥታ ያንተን ፕላን አሳየችኝ። «አጎቴ ደሴ ላይ አምስት መኝታ እየሠራ፣ እኔ አሜሪካ ቁጭ ብዬ ሁለት መኝታ ልግባ?» አንተ የእኔን ክፍል የሣልከው በፍቅር ነው፤ እዚህ ቆልፎ የያዘኝ ግን እሱው ሆነ።

አጎትሽ ቢያሳንሰውስ ብዬ ጠየቅኳት። «እሱ ከደፈረ፣ ሶ፣ እኔም ደግሜ አየዋለሁ» አለች። ያለኝ ተስፋ ይህች ናት፤ አራተኛውም ቤት ሳይሸጥ ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም።

ስለዚህ ንድፌን ተመልከተው። ስምንት ሜትር በሰባት ነው፣ ለእናንተ ለአራታችሁ ይበቃል። ለሳሎን ያሰብከውን ስፋት ለወጥ ቤቱ ስጠው። ከስፋቱ የተረፈውን ድንጋይና እንጨት በጥራቱ ላይ አውለው፤ ግንበኛው ጳውሎስም አይቸኩል። ለእኔ ክፍል አትሥራ። በምሥራቁ መስኮት ሥር እንደ ሪቻርድሰኑ ያለ መቀመጫ አድርግልኝ፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሰባ ይሁን፣ እተኛበታለሁ። ሰው «እህቱ አሜሪካ ተቀምጣ ይቺን ሠራ» ይልሃል። ይበል። ግንቦት ላይ ለመሠረቱ ገመድ ስትወጥር በየትኛው ልክ እንደወጠርክ ፎቶ ላክልኝ። ለስርጉት የማሳያት እሱን ነው።

ከንድፉ ጋር እርሳሴን ልኬልሃለሁ። ወለሉ ሲያልቅ መስኮቱ ሥር አስቀምጠው። ካልተንከባለለ እዚያው ተወው፤ መጥቼ አነሣዋለሁ።

ዓለምጌጥን ጨው ቀንሺ በልልኝ፣ ሳማትም። ዕፀ ሕይወት ሒሳቧን በየቀኑ ትሥራ። ታናሿ ሐዊ ጥርሷ እንደወለቀ ሰምቻለሁ፣ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ጎረቤቶቻችንን በየስማቸው ሰላም በልልኝ። ስርጉት፣ ናሆምና ኢዩ እጅ ነስተዋል።

እህትህ ሮማነወርቅ

ፍሪስኮ፣ ቴክሳስ
መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.