የአባቴ ስም በሽፋኑ ላይ

ጥቅምት 6፣ ከሰዓት
ሽፋኑ እንደገና መጣ። ንድፉን የምትሠራልኝ ሰዓዳ ከደሴ በቴሌግራም ላከችው። አሁንም ውቅር ቤተ ክርስቲያን። በልብ ወለዱ አንድም ቦታ ላሊበላ አላልኩም አልኳት። ፎቶው ይሸጣል አለች። አይሸጥ። ግራጫ ይሁን። ርዕሱና ሙሉ ስሜ ብቻ።

ጥቅምት 7
ማስታወሻዬ፣ ነገሩ ስሙ ላይ መጣ። አባቴ ሰምተዋል። ድቁናውን ጥሎ ስለሚሄድ ልጅ መጻፌን ማን እንደነገራቸው እንጃ። መሪጌታ ናቸው፤ ደብሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።
«ስምህ ያንተ ነው። ፈንቴ ግን እኔ ነኝ። ከሽፋኑ አውጣኝ።»
አላወጣም። በየቅጹ ሙሉ ስም ሲሉኝ ስጽፈው የኖርኩት ነው። እሳቸውን ካወጣሁ የሚተርፈው ግማሽ ሰው ነው። ይህን ግን ፊት ለፊት አልነገርኳቸውም። ላንተ ነው የምደነፋው።

ጥቅምት 9
መብራት የለም። ከቤታችን በላይ ያለው የአሸተን ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ሰዓዳ ደወለች። የብዕር ስም ያዝ አለች። እምቢ። እሺ፣ «ፈ.» ብለህ አሳጥራቸው አለች። አባቴን በነጥብ? አልኳት። ሳቀች።
«ወንድሜ፣ ወይ ተጣላ ወይ ታረቅ፤ እኔ ሽፋኑን ልጨርሰው።»
ምሳ ላይ እናቴ፣ እኔም እኮ ወልጄሃለሁ፣ የኔን ስም አድርግ አለች። ለአፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ አፈርኩ። ቀሚሷ ሥር መደበቅ ነው።

ጥቅምት 10
ወሰንኩ። ሙሉ ስም። የውስጥ ገጹ ላይ፣ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ከሚለው ሥር፣ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «የደራሲው አባት ይህን መጽሐፍ አላነበቡትም፤ አይጠየቁበትም።» ይኸው። የሚጠይቅ እኔን ይጠይቅ። ገጹን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ አባቴ መደብ ላይ አስቀመጥኩት።

ጥቅምት 11
አባቴ ከቅዳሴ ተመልሰው ገጹን አነበቡት። እንደቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ።
«ማን አለህ አላነበቡትም?»
ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝ።
«በርህ አይቆለፍም፤ ረቂቁን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። በስሜ ውሸት አታሳትምም።»
ስለ ዲያቆኑ ምንም አላሉም። ወደዱት? ልጠይቅ አፌን ስከፍት ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። አውጣኝ የሚለውን አልደገሙትም። ቢደግሙትም አላወጣም ነበር።
ለሰዓዳ ጻፍኩላት። ያቺ መስመር ትውጣ። ስሙ እንዳለ ይታተም።