አረንጓዴው ቢሮና የእናቴ መስኮት

ለተከበሩ የሕንፃ እድሳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ፤ ቢሮዎ ከገቡ ወዲህ ላብ የሚባል ነገር ግንባርዎ ላይ አይቼ ስለማላውቅ፣ ደኅና እንደሆኑ አልጠራጠርም።

እኔ ያንን አሮጌ የእህል መጋዘን ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅሁ፣ ዛሬም ግድግዳውን ተጠግቼ ከእናቴ ጋር የምኖር ጡረተኛ ነኝ። መጋዘኑ ታድሶ «ተፈጥሮን የማይጎዳ» የተባለው የእርስዎ ቢሮ በመሆኑ የተሰማኝን ደስታ በቁጥር ዘርዝሬዋለሁ።

፩. ከጣሪያው ሥር የነበሩትን መስኮቶች በጡብ ስለደፈናችሁልን እናመሰግናለን። ጠዋት በገመድ ስቤ እከፍታቸው፣ ፀሐዩ ሲበረታ እዘጋቸው ነበር፤ ቤቱ ያለ አንዳች ማሽን ቀዝቅዞ ይውላል። ይህን ለመሐንዲሶችዎ ላስረዳ ሦስት ጊዜ መጥቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ተብዬ ተመልሻለሁ።

፪. ነፋሱ ተዘግቶ ሠራተኞችዎ ሲታፈኑ አሥራ ሁለት ማቀዝቀዣ ስላስገጠሙ፣ የሁሉንም ጀርባ ወደ እናቴ መስኮት ስላዞሩልን ውለታዎ አለብን። እናቴ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሳንባዋ ደክሟል፤ ሐኪሟ ቀዝቃዛ አየር እንድታገኝ መስኮቷ ቀኑን ሙሉ እንዲከፈት አዟል። ስንከፍተው የሚገባው የማሽኖችዎ ወላፈን ስለሆነ ሦስት ወር ሙሉ ተዘግቷል። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ አጥሯት አዝያት ሮጫለሁ። ተናድጃለሁ፤ ይህን በአክብሮት የምገልጽበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

፫. አቤቱታዬን እንዲያጣሩ እርስዎ የላኳቸው ባለሙያዎች ሙቀቱን የለኩት እሑድ ቀን፣ ማሽኖቹ ጠፍተው፣ ያውም ከቢሮው ውስጥ ነው። «በአካባቢው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም» ብለው ጽፈዋል። ከእናቴ በር ለመድረስ አሥር እርምጃ ይበቃቸው ነበር፤ እሑድ ስለሆነ ደክሟቸው ይሆናል፣ አልፈርድባቸውም።

፬. ግድግዳው ላይ ያስተከሉት ሐረግ ፕላስቲክ በመሆኑ ውኃ አይፈጅም። ይህ እንኳ በእውነት ያስመሰግንዎታል።

በክቡርነትዎ ጥላ ሥር ሳይሆን ከማሽኖችዎ ጀርባ የሚኖረው፣ በየዕለቱ ስምዎን ሳያነሳ የማይውለው፣
የቀድሞው የመጋዘን ጠባቂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐኪሟ ያዘዘላት ቀዝቃዛ አየር በሰፈሩ የቀረው እርስዎ ዘንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከሰኞ ጀምሮ ከሦስት ጎረቤቶቼ ጋር የእናቴን አልጋ ተሸክመን እንግዳ መቀበያዎ ውስጥ እናስቀምጣለን። ማሽኖቹ ጀርባቸውን ከመስኮቷ እስኪያዞሩ እዚያው ትተኛለች። ለማስተናገድ አይቸገሩ፤ እናቴ ጨዋታ ትወዳለች፣ ለምን እንደመጣች ለሚጠይቃት እንግዳ ሁሉ ራሷ ታስረዳለች።