የሰይድ ዳቦና የአባዬ ሁዳዴ

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ዛሬም አልበላም። ሁለት ማንኪያ አጥሚት፣ ከዚያ «በቃኝ»። ቀሪውን ቆሜ እኔው ጠጣሁት።

አባዬ ከአገር ቤት እኔ ጋ መጥቶ ኦፕራሲዮን ከሆነ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ያለኝን ልጻፈው፤ ለማንም አልተናገርኩትም። «ቁስሉ የማይሽረው ስለማይበሉ ነው። ወተት፣ እንቁላል ይስጧቸው። እንደገና መከፈት ካለበት አይችሉትም።»

አባዬ ግን ሁዳዴ ላይ ነው። የጾም ሰዓቱን ለመድኃኒቱ ሲል ትቶልኛል፤ ጠዋት ትንሽ ይቀምሳል። የፍስክ ነገር ሲነሳ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ። ሽሮ ያቃጥለዋል፣ ጥርሱም አልቋል። እንግዲህ ምን ላብላው?

ከቢሮ ስወጣ አዲሱ ዳቦ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ሰይድ የከሚሴ ሰው ነው፤ ጅቡቲ አሥራ አምስት ዓመት የፈረንሳይ ዳቦ ሲጋግር ኖሮ ሰመራ ገባ። መቼ ቢከፍት ጥሩ ነው? በረመዳን! እኛም ሁዳዴ ላይ ነን። ከተማው በሙሉ ጾመኛ፣ መስታወቱ ውስጥ ቅቤ የጠጣ ዳቦ ተደርድሯል። ኦቨኑ ዘግይቶ ገብቶ ነው አለኝ።

«እህቴ፣ ክርስቲያን ነሽ አይደል? እስቲ አንዴ ቅመሽልኝ። ጨው ይብዛ ይነስ የማውቅበት መንገድ የለኝም።»

በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ይፈቀዳል ይላሉ፤ እሱ ግን ራሱን አያምንም። «ከቀመስኩ እውጣለሁ» አለ። ረጅሙን ዳቦ፣ ባጌት የሚለውን፣ ቆረሰልኝ። ቅርፊቱ ይንኮሻኮሻል፣ ጨዉ ግን አፍ ያቃጥላል። ነገርኩት። ፊቱ ጨልሞ ወዲያው አመሰገነኝ።

«ምን ምን አለበት?»

«ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ እርሾ። ወላሂ ሌላ የለውም።»

አንድ ገዛሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 18

አባዬ ባጌቱን ሻይ ውስጥ ነክሮ ልቡን በላ። ቅርፊቱ ድዱን አቆሰለውና ተወው። መዳፍ የማይሞላ ነው የበላው፤ ቢሆንም በላ።

አመሻሽ ላይ ሰይድ እጄን ይዞ ሊያስገባኝ ምንም አልቀረው። ከአፍጥር በፊት ሁሉንም እንድቀምስለት ፈልጓል። ክሩዋሳ የሚለው ላይ ሲደርስ «ይሄ ቅቤ አለው፣ አንቺ ተይው» አለኝ። «እኔ ያን ያህል ጾመኛ አይደለሁም» አልኩት። እውነቴን ነው፤ አዋሽ ሰባት ስሠራ ጀምሮ አንዴ ስይዘው አንዴ ስተወው ነው የኖርኩት።

የቀመስኩት፦
ባጌት። ጨዉ ተስተካክሏል።
ክሩዋሳ። ላዩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላላጣል፣ ሥሩ ግን ወዝ ብቻ። ሙቀቱ ቅቤውን ሳይጋገር ያቀልጥበታል። ምስኪን፣ ሊጡን በረዶ ላይ አስተኝቶ ነው የሚዳምጠው።
ሚልፎኒ፣ ክሬም በመሃሉ የተደረበው ኬክ። ክሬሙ ኮምጥጧል። መብራት ሄዶበት ነበር። ደፋው።
የወተት ዳቦ። ትንሽ፣ ክብ፣ ጣፈጥ ያለ። ጥርስ አይፈልግም።

መጨረሻው ላይ አባዬ ትዝ አለኝ። ወዲያው ከራሴ ላይ አባረርኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 19

አደረግኩት።

ጠዋት ባጌቱን ሳቀርብለት እጁን አነሳ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ደክሞት መለሰው። ሸሚዙን ስቀይርለት ትከሻው አጥንት ብቻ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ ሦስት የወተት ዳቦ ገዛሁ።

«ይሄስ?» አለኝ አባዬ ቆርሶ እያየ።

«የጾም ነው። ዘይትና ስኳር።»

ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። የኛ ቅቤ ቢሆን ከበር ላይ ይለየው ነበር፤ የፈረንጁ ግን አይሸትም። ሁለቱን ጨረሰ። ሁለቱን! ጣቱን ላሰና «ሰውዬው እጁ የተባረከ ነው» አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የእሱም ጠጣ፣ ባያውቀውም።

ዓርብ፣ የካቲት 20

ሦስት በላ። ፊቱን ራሱ ታጠበ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ ወንበር አውጥቼለት በረንዳ ላይ ተቀመጠ፤ ለአፍጥር ሊደርሱ የሚሮጡትን ባጃጆች እያየ ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ከመብላቱ በፊት ያማትባል። «አባታችን ሆይ» ይላል ከዳር እስከ ዳር፣ እየተቆራረጠ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ከዚያ ያንን ዳቦ ያነሳል። እኔ ጓዳ እገባለሁ፣ ያላደፈ ብርጭቆ አጥባለሁ።

እኔ ለራሴ ቅቤ መብላቴ ግድ አልሰጠኝም። በእሱ አፍ መሆኑ ነው የከበደኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ ሁለት ሌሊት ብቻ አደረ።

ሰይድ ዳቦውን እየጠቀለለ «አባትሽ ተሻላቸው? እሳቸውም እንዳንቺ አይጾሙም ማለት ነው» አለኝ። ጨዋታ ነበር። ዝም ማለት እችል ነበር። ስለደከመኝ ይሁን፣ ሁሉንም ነገርኩት።

የጠቀለለውን መልሶ ፈታው።

«በእኔ እጅ? አንቺ፣ እኔ ጉሮሮዬ ደርቆ ምራቄን እያሰብኩ የምውለው ለምን ይመስልሻል? የጾመኛ ጾም አማና ነው፣ አደራ ነው። ሐራም ነው፣ አልሸጥልሽም።»

«ይሞትብኛል» አልኩት። ሰው ፊት አለቀስኩ። አፈርኩ።

ወንበር ሰጠኝ። «አብሽሪ። በውሃና በዘይት እሠራልሻለሁ። እኔ መቅመስ አልችልም፣ አንቺ ቅመሽ።» ገንዘብም አልተቀበለኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅኩ። ከኦቨኑ ሲወጣ መልኩ ያው ነበር። አፌ ውስጥ ግን እንደ ስፖንጅ ሆነብኝ። ለሰይድ ጥሩ ነው አልኩት። ደግሞ ሌላ ውሸት።

አባዬ አንድ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ አስቀመጠው።

«ይሄ የትናንቱ አይደለም።»

«አይደለም።»

«የትናንቱ ምን ነበረበት?»

አስተማሪ ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ብሎ ጠይቆ ዝም ብሎ ሲጠብቅ ነው የኖረው። «ወተት። ቅቤም» አልኩት።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ። የማታውን መድኃኒት አልወሰደም።

እሑድ፣ የካቲት 22

ከቅዳሴ በኋላ የሚሆንበትን ሰዓት ጠብቄ አገር ቤት ለነፍስ አባታችን ለመምሬ ተገኘ ደወልኩ። አባዬ እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረግኩት። ኃጢአቴን ልናዘዝ ነበር። «መምሬ፣ አባዬን በሁዳዴ ቅቤ አበላሁት» ብዬ ጀመርኩ።

«እና ምን ሆነ?» አሉ። «ሲሄድ ብላ ብዬ ፈትቼው አይደል የሄደው? ለታመመ ሰው ጾም የለበትም ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ነግሬዋለሁ።»

ወደ አባዬ ዞርኩ። ጣሪያውን ያያል።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

አባዬ ነው የመለሰው፣ ለእሳቸው ይሁን ለእኔ እንጃ። «የመጨረሻዬ ሁዳዴ ነው ብዬ ነው። ጾሜ ልሂድ ብዬ ነው።»

ለካ እኔ ቁስሉ እንዲሽርለት ስሯሯጥ፣ እሱ ጉዞውን ጨርሷል። ሐኪሙ ለእኔ ብቻ የነገረኝን እሱ ከእኔ በፊት ያውቀው ነበር። ተናደድኩ። ታማሚ ላይ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። «እኔን ለማን ትተህ?» አልኩት። «አንተ በክብር ትሄዳለህ፣ እኔ እዚህ አሸዋ ላይ ከማን ጋር ልቅር?» ስልኩ ክፍት መሆኑን ረስቼዋለሁ።

መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስማኝ። የእኔ ልጅ ከሆንክ ቀኖና እሰጥሃለሁ። ቀኖናህ መብላት ነው። የሰጡህን ሁሉ፣ እስከ ፋሲካ። አንቺ ደግሞ ስለ ዋሸሽው የእሱን ጾም ጹሚለት፣ ሰዓቱንም ጨምረሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። አባዬ ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። መድኃኒቱን ግን ወሰደ።

ሰኞ፣ የካቲት 23

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምኩ። ራሴን አዞረኝ። ለሰይድ ከእንግዲህ ባጌት ካልሆነ መቅመስ እንደማልችል ነገርኩት። «አሁን ቀማሽ ከየት ላምጣ!» ብሎ ሳቀ። መምሬ ያሉትን ስነግረው ግን ሁለት የወተት ዳቦ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

አባዬ ቀኖናውን ፈጸመ። ፊቱን አጨማዶ፣ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ። ሐሙስ ጣቱን የላሰበት ያው ዳቦ ነው፤ ዛሬ ወተት መሆኑን እያወቀ አንዱን ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ሁለተኛውን ነክሶ ተወው። ቁስሉን ሳጥብለት ጠርዙ ላይ ትንሽ ቀላ ያለ አዲስ ሥጋ ያየሁ መሰለኝ። ምኞቴ ይሁን አላውቅም። የፊታችን ሐሙስ ዱብቲ ሆስፒታል ቀጠሮ አለን።

ፋሻውን አስሬ ስጨርስ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረኝ።

«ለፋሲካ ዶሮ የሚያርድልሽ ማነው እዚህ?»

«የጎረቤቴ ባል» አልኩት። «ለብቻዬ ስለሆንኩ ሁልጊዜ እሱ ነው።»

ከድካም የተነሳ ብርጭቆ እንኳ የማትጨብጠውን ቀኝ እጁን ከአንሶላው አወጣ፣ ገልብጦ አያት። ተቆጥቷል።

«እኔ እያለሁ?» አለ። «እኔ ቁጭ ብዬ ጎረቤት ሊያርድልሽ?»