ባለቤቷ ትምጣና ትሽጣት

ቡታጅራ

ለምወድሽ እህቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ከግድግዳው ጋር ትታገያለሽ? ልጅሽ ሙዝደሊፋስ አድጎልሻል? አባቱንም በጣም ሰላም በይልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ በጊዜው ጥሏል፤ እማዬም ከእኔ ጋር መጨቃጨቅ የሚከለክል በሽታ እስካሁን አልያዛትም።

በስልክ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስቅሽ አውቃለሁ። በስልክ የማይነገር ነገር ስለገጠመኝ ነው። ተሸጠች ወይ ባልሽኝ ቁጥር ኢንሻአላህ ነገ እያልኩ መመለሱም ሰልችቶኛል፤ ስለዚህ የመኪናዋን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ልንገርሽ።

አንቺ ያሰብሽው ሁሉ ልክ ነበር። በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና አገር ውስጥ ስትገባ ብዙው ታክስ ስለሚቀርላት ረከስ አድርገሽ ገዛሻት። ያገራችን ሰው ለአረፋ የሚሸጥ መኪና ይዞ ከመርካቶ ጎርፎ ከመምጣቱ በፊት እዚህ ብንሸጣት ደግሞ ለሁለተኛዋ መኪና መግዣ ይሆንሽ ነበር። ሻጩ እኔ፣ ውክልናውም በእጄ። የተሳሳትነው እማዬን ሳንቆጥር መቅረታችን ነው።

ግቢ ያስገባኋት ቀን ድምፅ ስለሌላት እማዬ አልሰማችም። ከጓሮ ስትመለስ አቮካዶው ሥር ቆማ አገኘቻትና የማን ናት አለችኝ። የእህቴ ናት፣ ልሸጥላት ነው አልኳት። ያለ ፈቃዷ ኒካሕ ካሰርሽ፣ እሷም ደጄን እንዳትረግጪ ካለችሽ ወዲህ ስምሽ እኛ ቤት እንደማይጠራ ታውቂያለሽ። አንቺ እዚህ «አዲስ አበባ ያለችው» ነሽ። ያን ቀንም መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራ አየቻትና ገባች። አመሻሽ ላይ ግን አሮጌ የእንሰት ምንጣፍ፣ ያቺን ጅባ፣ አውጥታ ጣሪያዋ ላይ ስትዘረጋ አገኘኋት። ፀሐይ እንዳይመታት ብዬ ነው አለች። ፀሐይዋ ጠልቃለች።

መጀመሪያ የመጣው ገዢ ዑመይር የሚባል የወልቂጤ ሰው ነው። ከወልቂጤ አገና የሚመላለስ ሚኒባስ አለው፤ የነዳጅ ወረፋ አንገሽግሾታል። አንድ ነገር ብቻ ነው ያሳሰበው፦ ዛሬ ቀረ የተባለው ታክስ ነገ ሁለተኛው ባለቤት ደጅ ይመጣ ይሆን? እኔም ሞኝ አይደለሁም፣ ቀድሜ ገቢዎች ቢሮ ሄጄ ጠይቄያለሁ። እንደነገሩኝ ከሆነ ስትገባ የቀረላት ቀርቶላታል፤ ሻጩ ግን ያተረፈውን ማሳወቅ አለበት። ይህን አስረድቼው ልቡ ረክቶ እጅ ልንመታ ስንል እማዬ ውሃ ይዛ ብቅ አለች።

መኪናዋን ማመስገን ጀመረች። እንዴት ያለች ጨዋ መኪና መሰለችህ፣ መብራት ሲጠፋ ንቅንቅ አትልም፣ ያን ሰሞን ሁለት ቀን ሙሉ እዚሁ ቆማ ከረመች አለችው። ወላሂ እትዬ፣ መኪናዋ ለአንድ ሰዓት እንኳ አስቸግራን አታውቅም! ዑመይር ውሃውን ጠጥቶ፣ ተማክሬ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። እስካሁን እየተማከረ ነው። ከእንሴኖ የመጡትን ሁለት ወንድማማቾችም ስለ መብረቅ አውርታ ሸኘቻቸው።

ሦስተኛው ሐጂ ሸምሶ ናቸው፣ የአባታችን ወዳጅ፣ በርበሬ ነጋዴው። እሳቸው መብረቅም መብራትም አላስፈራቸውም። ዋጋውን ሳይከራከሩ ተቀበሉ። ቢስሚላህ ብዬ ውክልናውን ሳወጣ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። ታክሱ የቀረው ለእሷ ነው፣ ርካሹም የእሷ ሲሳይ ነው፤ እኔ በዚያ የምጠቀም ከሆነ ከባለቤቷ አፍ ሐላል ይሁንልህ ስትለኝ መስማት አለብኝ አሉ። ውክልና አለኝ ስላቸው፣ ውክልና ለመፈረም ነው እንጂ ሐላል ለማለት አይደለም አሉኝ። እንግዲያው አሁኑኑ ልደውልላት ብል፣ በስልክ አይሆንም አሉ።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። አምና ጅዳ ካለ ሰው አይሱዙ ሲገዙ ሐላሉን የተቀበሉት በስልክ ነው፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ የያዝኩላቸውም እኔው ነኝ። ይህንኑ ሳስታውሳቸው ሐጂ አሳላቸው። ቀስ ብለው ወደ ቤቱ በር አዩ። እኔም ዞር ስል የእማዬ ሻሽ ከበሩ ጀርባ እልም አለ። ያ ሌላ ነው ይሄ ሌላ ነው አሉኝና አቮካዶው ዘንድሮ እንዴት እንደያዘ ይጠይቁኝ ጀመር።

ሸኝቻቸው ስመለስ እማዬን ፊት ለፊት ጠየቅኳት። እንድትሸጥ ካልፈለግሽ ለምን አትነግሪኝም አልኳት። ማን አልፈለግኩም አለ፣ ባለቤቷ ትምጣና ትሽጣት አለች። ደጄን እንዳትረግጪ ብለሻት የለም ወይ ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ደጄን አልኩ እንጂ ግቢዬን አልኩ? መኪናዋ የቆመችው ግቢ ነው!

እትዬ፣ አንቺ ጉምሩክ ለጉምሩክ ስትንከራተቺ የምትፈልጊውን ዓይነት ቀዳዳ እናትሽ በርበሬ እየለቀመች ታገኘዋለች። ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወጣሁ። ከዚያ አቮካዶው ሥር ብቻዬን ስቆም እንባዬ መጣ። ናፍቀሽኛል። በሁለታችሁ መሃል ስመላለስ የኖርኩት እኔ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የሁለተኛዋ መኪና ነገር እንደሚያስጨንቅሽ አልጠፋኝም። ግን ሐጂ ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ ከሳቸው በላይ የሚከፍል ቢመጣም ከእማዬ ውሃ አያመልጥም። ስለዚህ ከአረፋ በፊት ነይ። ባልሽን ስለማምጣት ምንም አልጠየቅኳትም፣ እሷም አላነሳችውም። ብቻ ትናንት ሰፈራችን ያለው ጀማሉ ሱቅ ሄዳ ለአረፋ አዲስ ፍራሽ ገዝታለች፤ የሁለት ሰው ነው።

አሁን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች። ለማን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም። ቅድም ብቻ ቀና ብላ፣ ከአዲስ አበባ እስከዚህ በመኪና ምን ያህል ይወስዳል አለችኝ። በጠዋት የተነሳ ሰው ለምሳ ይደርሳል አልኳት። መንገዱን ከእኔ የበለጠ እንደምታውቀው አንቺም ታውቂያለሽ። እሷ ግን፣ ይሄን ያህል ቅርብ ነበር እንዴ አለች።

አላህ ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ ንግድሽን በረካ ያድርግልሽ፣ ለአረፋውም ከአንድ ገበታ ያስቀምጠን። አሚን በይ፤ እዚህ ድምፁን ሳያሰማ አሚን የሚል ሌላም ሰው አለ።

ታናሽ ወንድምሽ