ያዞርኳቸው ፖሞች

የምሕረት አባት፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሊሞላ ነው። ክሊፕታውን ያለችው ስፓዛ ሱቃችን ደህና ናት፤ ያንን የሚያንጠባጥብ ፍሪጅ አስወጥቼ ሌላ አስገብቻለሁ። ማዶ ያሉት፣ ሰፈሩ ጎጎ እያለ እንደ አያት የሚጠራቸው አሮጊት ግን መሞትህን እየረሱ ዛሬም የት ሄደ ይሉኛል። እኔም ፖም እሰጣቸዋለሁ።

ጃፓን ሄጄ መጣሁ። እዚያ የምትኖረው ልጃችን ምሕረት ለሁለታችን ያሰበችውን ጉዞ ብቻዬን ሄድኩት። አንተ ፎቶውን እያየህ አንድ ቀን ከዛፉ ቀጥፌ እበላለሁ ትል የነበረው የፖም እርሻ ሄጄ ለቀማው ላይ ደረስኩ። ቅርንጫፎቹ በፍሬ ጎብጠዋል። ከሥራቸው ብርማ ላስቲክ ተነጥፏል፤ ፀሐይ ከታችም እንድታገኛቸው ነው አሉኝ። ለፖም ይህን ያህል፣ አልኩ በሆዴ።

እንደምታውቀኝ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልም። ባለ እርሻው ሽማግሌ ከምሕረት ጋር ሲያወሩ፣ እኔ ገና ወዳልተለቀሙት ዛፎች ገብቼ ፖሞቹን አንድ በአንድ ማዞር ጀመርኩ። ቀዩ ጎን ወደ መንገዱ፣ ያልቀላው ወደ ውስጥ፤ አንተ በየማለዳው ሱቁ ደጃፍ ላይ እንደምትደረድራቸው። ስንቴ ተጨቃጨቅንበት! ሰው ታታልላለህ እያልኩ እነዘንዝሃለሁ፣ አንተ ትስቃለህ።

ለካ ሽማግሌው ጠዋቱን ሙሉ ያዞሯቸው እነዚያኑ ኖሯል፤ ያልቀላው ጎን ፀሐይ እንዲያገኝ ወደ ውጭ። ልፋታቸውን ገለበጥኩባቸው። ምሕረት ሳቀች፣ ሳቀችና ይሄ የአባዬ እጅ ነው ብላ አለቀሰች። እኔም አላስቻለኝም። ነገሩን ስትነግራቸው ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከዚያ ፖሞቹን አብረን መለስናቸው።

እየመለስኩ ሳለ ነው የገባኝ። በሽታህንም የደበቅኸኝ እንደዚያው ነበር። ጎንህን ይዘህ ሳይህ ድካም ነው አልከኝ፤ አመንኩህ። ለደንበኛውም ለእኔም ቀዩን ብቻ አሳየኸን። ሰው ታታልላለህ እያልኩ የኖርኩት ሴትዮ፣ አንተ እኔኑ ስታታልለኝ ሳላይ ቀረሁ። ባውቅ ኖሮ ጎትቼም ቢሆን ሐኪም ቤት እወስድህ ነበር። ይህ ነው የሚቆጨኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ተቀይሜሃለሁ። ናፍቀኸኛልም።

ፖሞቹን አሁንም እንደ አንተ ነው የምደረድራቸው፤ ለመንገደኛው ቀዩ ይታየው። እኔ ባንኮኒው ጋ ስቀመጥ ያልቀላው ጎናቸው ወደ እኔ ነው፤ ጠዋት ጠዋት እሱን አያለሁ። ሳቅህንማ ሰፈሩ ሁሉ ያስታውሰዋል። ያልነገርከኝን ሕመም የማስታውስልህ እኔ ነኝ።

የምሕረት እናት