የሰናይት እጅ

የካቲት 19፣ ሐሙስ። ጠዋት 1፡30

ዛሬም ካሳደጉኝ ከእትዬ ቤት ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማን ሊደርስ። እትዬ ደጅ ቆመው ለዶሮዎቹ ይበትናሉ። ጠጋ ብዬ ሳይ እንክርዳድ አይደለም፣ ለዘር ያስቀመጡት ጤፍ ነው። ነገርኳቸው። እንክርዳድ ነው አሉኝ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ እሳቸው ግን ጥፋቱን በጭጋጉ ያሳብባሉ። ጭጋግ የለም። ውሃውን ከገንዳው አጠገብ መሬት ላይ አፍስሰውታል። እንደገና ቀዳሁ።

ባለፈው ሳምንት ቆጡን ሳይዘጉ አድረው ሸለምጥማጥ ሁለት ዶሮ ወሰደ። የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ከነሱም ገብስማዋ ለመታቀፍ ተኝታለች፣ ስነካት ትቆጣለች። አውራው ያው መላጣው ነው። አንገቱ ላባ የለውም፣ ቀይ ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ይስቅበታል። እትዬ ግን ይኮሩበታል። ልጆቹ አባታቸውን መስለው አንገታቸው ራቁት ሆኖ ሲወጡ ደስ ይላቸዋል።

ገብስማዋን ዛሬ ላስታቅፋት አልኳቸው። ሁዳዴ ነው፣ ዕንቁላል የሚበላ የለም፣ ተጠራቅሟል። እምቢ። እህትሽ ሰናይት ቅዳሜ ትመጣለች፣ በሷ እጅ ይሁን አሉ። የሷ እጅ የቀና ነው አሉ።

የኔስ? አልጠየቅኩም። ወደ ሥራዬ ወረድኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው ቀሚስ ስሰፋ ክሩ ይበጠሳል።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ። ማታ

ደብተሬ፣ ቀናሁ። በግልጽ ልጻፈው፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። በታናሽ እህቴ ቀናሁ።

ከባ/ዳር ሙዝ ይዛ መጣች። እትዬ አዲስ ነጠላ ለበሱ። ለኔ ለብሰው አያውቁም። እናታችን ስትሞት ሁለታችንንም ያሳደጉን እኩል ነው፤ ቢያንስ እኔ እኩል ይመስለኝ ነበር።

ዕንቁላሎቹን ስመርጥ የዋልኩት እኔ። አዲስ ከሚጣለው ጋር እንዳይቀላቀሉ እያንዳንዱን በከሰል ያሰመርኩ እኔ። ጭዱን እንቅቡ ውስጥ የጎዘጎዝኩ እኔ። ዕንቁላሎቹ ሊገቡ ሲሉ ውጭ ቆይ ተባልኩ። የእትዬ ሥርዓት ነው፤ የሚያስታቅፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ አይናገርም፣ ሌላ ዓይን አያይም። ደጅ ቆሜ ከመላጣው ጋር ተፋጠጥኩ። ሰናይት እጇን ታጥባ ገባች፣ አንድ ባንድ አስገባች፣ ወጣች። እትዬ እጇን ስመው መረቋት። ረጅም ምርቃት።

ከዚያ ወሬው መጣ። ሰናይት ዶሮዎቹ ይሸጡ፣ እትዬም ባ/ዳር ይምጡልኝ፣ ቤቴ ሰፊ ነው አለች። እዚያ ዓይናቸውን አሳያለሁ፣ ብርድም የለም። እትዬ ቆረጡ፤ ይኸ እቅፍ ከተፈለፈለ እዚሁ እቀራለሁ፣ ካልተፈለፈለ ጊዜዬ አልፏልና እመጣለሁ አሉ።

እኔን የጠየቀኝ የለም። ጠዋት ማታ ዳገቱን የምወጣው እኔ ነኝ። እትዬ ከሄዱ ደ/ታቦር ላይ የምገባበት የዘመድ ቤት አንድም አይቀረኝም። የኪራይ ክፍሌና የስፌት መኪናዬ፣ በቃ።

ቢፈለፈል የሰናይት እጅ ይመሰገናል። ባይፈለፈል ሰናይት እትዬን ትወስዳለች። በየትም በኩል እሷ።

የካቲት 26፣ ሐሙስ። ጠዋት

ገብስማዋ ጎበዝ ናት። ጠዋት አነሳታለሁ፣ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ራሷ ትመለሳለች፣ በሩን እዘጋለሁ። እትዬ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያወሯታል። ከኔ ጋር እንዲህ አያወሩም። ዶሮ ላይ መቅናት ጀመርኩ ማለት ነው። ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ጠፋ።

የካቲት 30፣ ሰኞ። ማታ

ሰናይት ደወለች። ስልኩን እትዬ ጆሮ ላይ የያዝኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁ። ዶሮዋ እንዴት ናት፣ ደህና፣ ባንች እጅ የተያዘ ምን ይሆናል። ማን እየተንከባከባት ነው ብላ ጠየቀች። እትዬ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? እኔ አለሁ አሉ።

እኔ አለሁ! ክንዴ ስልክ ይዞ ደንዝዟል።

ነገ አልሄድም። ራሳቸው ይዩት።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

አልሄድኩም። አንድ ሸሚዝ ሰፍቼ ሁለት ፈታሁ። ማታ ላይ ነፋሱ ከጉና በኩል መጣ፣ ጋቢ ደርቤ ተኛሁ። ደስ ብሎኛል። ደስስ አላለኝም።

መጋቢት 2፣ ረቡዕ። ጠዋት 3 ሰዓት

ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴን ታገሰኝ።

ስደርስ ገብስማዋ ውጭ ናት። ግድግዳው ሥር ተኮራምታለች። እትዬ ትናንት ሊያበሏት አስወጥተው፣ ተመልሳ የገባች መስሏቸው በሩን ዘግተውባታል። ሌሊቱን ውጭ አደረች። ዕንቁላሎቹን ነካሁ። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘዋል። ዶሮዋን መልሼ አስቀመጥኳት። እትዬ ከውስጥ ማነሽ አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። ትናንት ምነው ቀረሽ አላሉም። ቢሉ ኖሮ አለቅስ ነበር።

አልነገርኳቸውም።

መጋቢት 4፣ ዓርብ

ዕንቁላሎቹን በስልኬ መብራት አየኋቸው። ውስጣቸው የሚንቀሳቀስ የለም። አንዱን ጓሮ ወስጄ ሰበርኩት። ሞቷል። ላባ ማውጣት ጀምሮ ነበር።

ክፉ ነገር ልጻፍ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «አሁን የሰናይት እጅ ይታያል» የሚል ነው። ደስ አለኝ። በጾም፣ ከጓሮ ቆሜ፣ የሞተ ጫጩት ይዤ። ሰናይት ስትወቀስ፣ እትዬ ዝም ሲሉ፣ እኔ ምንም ሳልል ስቆም ታየኝ።

ከዚያ የቀረው ታየኝ። እትዬ ሻንጣ ይዘው ሚኒባስ ውስጥ። ቤቱ ተቆልፎ። ደስታው አላደረም።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ። ከሰዓት

ሐሙሲት ገበያ ሄጄ መጣሁ። ለደንበኞቼ አሞኛል አልኩ። ሻጯ ጫጩቶቹን በካርቶን አድርጋ ሰጠችኝ። የዚህ ሳምንት ናቸው ብላ ምላለች። ሚኒባሱ ውስጥ ጭኔ ላይ ሲጮሁ ረዳቱ እኔን እያየ ይስቃል። አንበሳሜ የምትወርድ ሴትዮ ልጆችሽ ናቸው ወይ አለችኝ። የእህቴ ናቸው አልኳት።

እውነትም የእህቴ። እኔ ገዛሁ፣ እኔ ተሸከምኩ፣ ምስጋናው የሷ።

መጋቢት 11፣ ዓርብ። አመሻሽ

አደረግኩት። እትዬ ሠርክ ጸሎት ላይ ሳሉ የሞቱትን አወጣሁ፣ ጫጩቶቹን ከገብስማዋ ክንፍ ሥር አንድ ባንድ አስገባሁ። ሳልናገር። የሚያይ ዓይን ሳይኖር። ሥርዓቱን ጠበቅኩ ማለት ነው። እሷም አልነከሰችኝም፣ ሰውነቷን ዝቅ አድርጋ ተቀበለች። ያስመሰልኩት እንዲሞላ ቅርፊት አጥቤ ጭዱ ላይ በተንኩ። የቀረውን ቀበርኩ።

ነገ የሚፈለፈልበት ቀን ነው።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

ሁሉንም ልጻፍ፣ ሳይረሳኝ።

ጠዋት ስገባ እትዬ የጫጩቶቹን ድምፅ ሰምተው መሬት ተቀምጠዋል። እንኳን ደስ አለዎ አልኩ፣ ድምፄ ራሱ ውሸታም ነበር። አንዱን ስጪኝ አሉ። ሰጠኋቸው። በጣታቸው ጀርባውን፣ ከዚያ አንገቱን ዳሰሱ። መለሱልኝ። ሌላ። አንገቱን ዳሰሱ። ሌላ። ሁሉንም አዳረሱ። ፊታቸው ምንም አይልም።

«አንዱም መላጣ አይደለም» አሉ።

መላጣው! በየቀኑ የማበላው፣ ደጅ ቆሜ የተፋጠጥኩት አውራ። ከየእቅፉ የሱ አንገት ያለው ሳይወጣ ቀርቶ አያውቅም። ሐሙሲት ድረስ ሄጄ አንገት ማየት ረሳሁ። ሁሉም አንገታቸው ላባ ነው።

ተንበርክኬ ቀረሁ። ልናገር ስል ስልኩ ጮኸ። ሰናይት። ቀኑን ቆጥራ ነው። አንሺው አሉኝ፣ እንደ ወትሮው ጆሯቸው ላይ ያዝኩት። አሁን ይነግሯታል፣ አሁን እመጣለሁ ይሏታል።

እትዬ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ተፈልፍሏል አሏት። ሁሉም ደህና ናቸው፣ እጅሽ ይባረክ፣ እንዳልኩሽ እዚሁ እቀራለሁ። ዓይኔን ለማሳየት ከፋሲካ በኋላ መጥቼ እመለሳለሁ አሏት። ሰናይት በደስታ ስትስቅ ተሰማኝ። ምርቃቱ እንደገና፣ ከበፊቱ የረዘመ። በጾም፣ ዓይናቸውን ሳያሹ ዋሹ። እትዬ። ማሕሌት የማያስታጉሉት እትዬ።

ስልኩን ዘጋሁ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። ለምን እሷን መረቋት፣ ያመጣኋቸው እኔ አይደለሁም ወይ አልኳቸው። እንደ ሕፃን።

ወደ ድምፄ ዞሩ። ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ የሚያስሩትን የቤት ቁልፍ ለመፍታት ሲታገሉ ቆዩ። ላግዛቸው ስል እጄን መለሱት። ፈቱት።

«እሷ ሩቅ ናት፣ ምርቃቱ ይበቃታል። አንች ይኸን ያዥ» አሉኝ። ቀጥለውም ማክሰኞ ማታ በሩን ዶሮዋ ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ አሉ፤ ስትመጪ ዕንቁላሉን ነክተሽ ዝም ስትይ ሰምቼሻለሁ። ይኸን ብለው ጫጩቶቹ ውሃ ይፈልጋሉ አሉኝ። ቀዳሁ። ገንዳው ውስጥ።

አሁን ቁልፉ ይኸው፣ ገጽህ ላይ ተጋድሟል። ክሩ የሳቸውን አንገት ይሸታል። ነገ ከቅዳሴ መልስ ፍራሼንና የስፌት መኪናዬን በጋሪ አስጭኜ ዳገቱን እወጣለሁ። ኪራይ ቤቱን እለቃለሁ። ቆጡን ማታ ማታ የምዘጋው እኔ ነኝ። ወስኛለሁ።

ምርቃቱንም ግን ፈልጌው ነበር።