ያልነበረው ቀረፋ

ታኅሣሥ 4
ዛሬም ብርድ። ሻይ ጠጣሁ... ሙቅ ውሃ በሉት። ጉንፋኑ ከለቀቀኝ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ማሽተት ግን አልተመለሰልኝም። ሽንኩርት ቆርጬ ጠጋ አድርጌ ሳብኩ። ምንም። ዓይኔ ብቻ አለቀሰ። ባለቤቴ ገብታ «ምን ሆነሃል?» አለች። «ሽንኩርቱ ነው» አልኳት። ውሸት አይባልም መቼም።

ከነገ ወዲያ የብርድ ወቅት ቢራ ውድድር ነው። በየጓዳቸው የሚጠምቁ አሥራ ሁለት ሰዎች፣ አራት ዳኞች፤ አንዱ እኔ። አንደኛ የወጣው ቢራ ብርዱ እስኪያልፍ በትልቁ መጠጥ ቤት ይቀዳል። ሰብሳቢው ደወለ፦ «አፍንጫው! አለህ አይደል?» ሃያ ዓመት ሙሉ የሚጠሩኝ እንዲህ ነው። «አለሁ» አልኩ። አሞኛል ብል ምን ነበረበት?

ታኅሣሥ 6
ዳኘሁ። እንዴት እንደዳኘሁ የማውቀው እኔ ነኝ።

ብርጭቆዎቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። ውጤት ሳይጻፍ ማውራት ክልክል ነው። አጠገቤ የተቀመጠችውን ዳኛ ፊት ሳነብ ዋልኩ። ቅንድቧን ስታነሳ ከፍ፣ ከንፈሯን ስትጥል ዝቅ። ጣፋጭና መራራ ምላሴ ይለያል፤ ሌላው ባዶ።

ሰባተኛው ላይ አስነጠሳትና ፊቷን በመሐረብ ሸፈነች። ጨነቀኝ። ወረቀቱን አየሁ። የተጨመረው ቅመም ከላይ ተጽፏል፦ ቀረፋ። «ቀረፋው በዝቷል፤ ብቅሉን ውጦታል» ብዬ ጻፍኩ። ከሃምሳ ሃያ ስድስት ሰጥቼ ፈረምኩ።

ታኅሣሥ 9
ሰባት ቁጥር ሴት ናት። ድሮ የአውቶቡስ ሾፌር ነበረች። በሁለት ነጥብ ተበልጣ ሁለተኛ ወጣች። የፈረምኩበትን ወረቀት ይዛ ቢሮዬ መጣች።

«ጋሼ፣ ለጠብ አይደለም የመጣሁት። ቀረፋው በዝቷል ብለዋል። ቅጹን ስሞላ ቀረፋ ነበረው፤ ስቀምሰው አልወደድኩትም፣ ደፋሁትና ያለ ቀረፋ እንደገና ጠመቅኩ። ቅጹን ማስተካከል ረሳሁ። እርስዎ ካሸተቱት ግን... በርሜሉ ላይ ቀርቶ ይሆን? ሁለት ቀን ሙሉ ሳጥብ ሰነበትኩ።»

ምን አልኩ? «ሊሆን ይችላል።» ሊሆን ይችላል! አመስግናኝ ሄደች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን አለበት...

ታኅሣሥ 10
ወተት አረረ። ባለቤቴ ከሳሎን እየሮጠች መጣች። እኔ ምድጃው ሥር ቁጭ ብዬ ጋዜጣ አነባለሁ። አጠፋችው፣ መስኮት ከፈተች፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«መቼ ነው የምትነግረኝ?»

«ምኑን?»

«ሽንኩርት ስታሸት ካየሁህ ጀምሮ እየጠበቅኩህ ነው እኮ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «ሴትዮዋ አሁንም እያጠበች ነው?» ብቻ አለች።

ታኅሣሥ 11
ሾፌሯ ቤት ሄድኩ። እያጠበች ነበር። እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና። ሳልቀመጥ ነገርኳት።

«ስለዚህ በርሜሎቼ ንጹህ ነበሩ?»

«ንጹህ ነበሩ።»

ብሩሹን ወረወረችው። ወደ እኔ አይደለም፤ ወደ እኔ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ለእኔ ነገሩኝ» አለች። «ለእነሱስ?»

ታኅሣሥ 13
አሥራ ሁለቱም ጠማቂዎች ባሉበት ቆሜ ተናገርኩ። ሰብሳቢው ጆሮዬ ሥር «ለእኔ ብትነግረኝ ዝም ብለን እናስተካክለው ነበር» አለኝ። እሱንም አሳፈርኩት። የእኔ ነጥብ ከሁሉም ተሰረዘ። ሰባት ቁጥር አንደኛ። አንደኛ የነበረው ሰውዬ ሰላም ሳይለኝ አለፈ። እውነቱን ነው።

ጥር 2
ከባለቤቴ ጋር ትልቁ መጠጥ ቤት ሄድን። ሾፌሯ ራሷ ቀዳችልን። ጥቁር ቢራ፣ ወፍራም አረፋ። «እንዴት ነው ጋሼ?» አለችኝ። ድሮ ቢሆን ግማሽ ሰዓት አወራ ነበር።

«አላውቅም» አልኩ። ሰው ፊት ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ፊቴ ጋለ። ብርጭቆውን ወደ ባለቤቴ ገፋ አደረግኩት። «ምን ምን ይሸታል? ንገሪኝ።»

ዓይኗን ጨፍና አሸተተችው።

«የተጠበሰ ዳቦ» አለች። «ትንሽ ብርቱካን... ቀረፋ የለውም።»